ወሰንየለሽ ለጂፋሬ አባት የነገረችው

ወሰንየለሽ በ1977 ዓ.ም. ከአምቦ ወደ እንጭኒ ለማስተማር ስትመደብ፣ የምትከራየውን ቤት የመረጠችው ሽንት ቤቱን አይታ ነው። የሚቆለፍና ከመኝታዋ የማይርቅ መሆን ነበረበት። አከራይዋ ወይዘሮ ቀድሪያ ነገሩ ቢገርማቸውም ምክንያቱን አልጠየቋትም።

ምስጢሯን ከእናቷ በቀር የሚያውቅላት ሰው አልነበረም። ስትወለድ የሰገራ መውጫዋ ድፍን ነበር። አዲስ አበባ ወስደው መጀመሪያ ሆዷ ላይ ጊዜያዊ ቀዳዳ አበጁላት፤ ዓመት ሲሞላት ደግሞ ከታች ቀደው መውጫ ሠሩላት። ሕይወቷ ተረፈ፤ ሰገራዋን መቆጣጠር ግን እንደ ሌላው ሰው አልሆነላትም። በየቀኑ ጎህ ሲቀድ ተነስታ፣ አንዲት ነርስ ባስተማረቻት መንገድ በቀጭን ጎማ ለብ ያለ ውሃ ከታች አስገብታ ሆዷን ታጥባለች። ያን ካደረገች አብዛኛውን ጊዜ ደህና ትውላለች።

አንደኛ ክፍል ከምታስተምራቸው መካከል ጂፋሬ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። መጨረሻ ወንበር ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች፤ ልጆቹ አፍንጫቸውን ይይዙባታል። በዕረፍት ሰዓት ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ትቆማለች። ወሰንየለሽ ያን አቋቋም አወቀችው። አምቦ ስትማር እሷም እንደዚያ ነበር የምትቆመው።

ኅዳር ላይ የጂፋሬ አባት ኦቦ ረጋሳ ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያስወጣ መጣ። ተማሪዎቹ ወደ ቤታቸው ሄደው ነበር። ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀመረና በአማርኛ ቀጠለ። ጂፋሬ ያለ መውጫ እንደተወለደች፣ አዲስ አበባ ወስዶ እንዳሳከማት፣ ሐኪሞቹም ተሳክቷል ብለው እንደሸኙት አወራላት። ከዳነች በኋላ በላይዋ ላይ መልቀቋ ስንፍና መስሎት ብዙ ጊዜ ገርፏታል። አሁን መግረፉም ስለሰለቸው ቤት ትቀመጥ ብሎ ቆርጧል።

ወሰንየለሽ «አንዲት የማውቃት ልጅ ነበረች» ብላ ልትጀምር አሰበች። አፏን ስትከፍት ግን ሌላ ነገር ወጣ።

«ኦቦ ረጋሳ፣ እኔም እንደሷ ነው የተወለድኩት።»

ረጋሳ ቀና ብሎ አያትና ወዲያው ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ።

«ስንፍና አይደለም» አለችው። «ሲመጣ አይሰማትም። እኔም አይሰማኝም ነበር።»

«መትቻታለሁ እኮ» አለ ረጋሳ። ኮፍያውን ፊቱ ላይ አደረገ።

ሲረጋጋ ችግሩ ልጁን ጨርሶ ይለቃት እንደሆነ ጠየቃት። አልዋሸችውም። ጨርሶ ላይለቃት እንደሚችል፣ በየጠዋቱ ሆዷን ለማጠብ ከታገዘች ግን ተምራ የፈለገችውን መሆን እንደምትችል ነገረችው።

በማግስቱ ጂፋሬን ይዘው ሦስቱም ክሊኒክ ሄዱ። የክሊኒኩ ነርስ መርጋ ልጅቷን መርምሮ የሚበቃትን ውሃ ለካ፤ አሠራሩን «ለእናቷ ላሳያት» ቢል ረጋሳ «ለእኔ አሳየኝ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ልጁን የሚያጥባት እሱ ሆነ። የመምህርቷን ምስጢር ግን ለሚስቱ እንኳ አልተናገረም።

ጂፋሬን በመጀመሪያው ወር ሦስቴ አመለጣት፤ በሁለተኛው አንዴ ብቻ። ከገና በኋላ አብራት የምትቀመጥ ልጅ አገኘች። ከፋሲካ በኋላ ግን ክፍል ውስጥ አመለጣትና ሮጣ ወጣች። ወሰንየለሽ ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ስታለቅስ አገኘቻት። አጣጠበቻትና አጠገቧ ተቀመጠች።

«እኔም ማክሰኞ ዕለት አመለጠኝ» አለቻት።

ጂፋሬ ልቅሶዋን አቆመች። «የት?»

«ገበያ መሃል።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና፣ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።