ጥላ ያረፈባቸው አበቦች

በዚያ የጸደይ ጧት፣ የመንገዱ ዳር ሣር ሳይታጨድ ልድረስ ብላ፣ ጡረታ የወጣችው የኬሚስትሪ መምህርት የባሏን ካሜራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወጣች። ካሜራው የድሮ ነው፣ ፊልም የሚጎርስ። ባሏ ከሠላሳ ስድስቱ ፎቶ ሠላሳ አምስቱን አንስቶ፣ አንዷን ሳያነሳ ሞተ። ካሜራው ሁለት ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። ልጇ «እማዬ፣ እንዲሁ አውጥተን እናሳጥበው» ባለቻት ቁጥር፣ «ፊልሙ መቼ አለቀና!» ትላታለች።

አበቦቹ ከአስፋልቱ ጠርዝ እስከ ቦዩ ድረስ ፈሰዋል። ቢጫው፣ ሐምራዊው፣ ስም ያላወጡለት ደቃቁ ነጭ። መኪና ባለፈ ቁጥር ሁሉም ባንድነት ጎንበስ ብለው፣ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ቀስ እያሉ ቀና ይላሉ። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመች አላወቀችም።

«እትዬ፣ ፈቀቅ ይበሉልኝ፤ ድንጋይ ይፈናጠራል» አለ ሣር አጫጁ፣ ባለሞተር ማጨጃውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ።

«አንዴ ብቻ ላንሳቸው፣ ልጄ።»

«ሣር ፎቶ ይነሳል፣ እኔን ዞር ብሎ የሚያየኝ የለም!» ብሎ ሞተሩን አጠፋ።

ባሏ «ፀሐይን ከጀርባህ አድርግ» የምትል አንዲት ምክር ሰምቶ ዕድሜ ልኩን በእሷ ተዳደረ። አበባ ባነሳ ቁጥር ጥላው ፎቶው ውስጥ ዘፍ ይላል። «ራስህን ነው እኮ የምታነሳው» ትለዋለች። «ምን ላድርግ፣ ሳልጠራው ይመጣል» ይላል።

በርከክ አለች። ፀሐይዋ ጀርባዋን ታሞቃታለች።

«ጥላዎ ገባ እኮ! በዚያ ዞረው ያንሱ እንጂ» አላት አጫጁ።

እውነቱን ነው። ተነስታ ዞረች። በካሜራው ቀዳዳ ስታይ፣ አበቦቹ ጥርት ብለው፣ ጤዛቸው ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ታዩ። ምንም አልጎደላቸውም። ግን ጥላ የጣለባቸው ማንም አልነበረም።

ወደ ፊተኛው ቦታዋ ተመለሰች። ጥላዋ አበቦቹ ላይ እስኪረጋ ጠበቀችና የካሜራውን ቁልፍ ተጫነች።

«አበላሹት!» አለ አጫጁ፣ ከልቡ አዝኖ።

«የቤታችን ልማድ ነው» አለችው።

ፊልሙን ጠቅልላ ስትጨርስ ሞተሩ ከኋላዋ ተነሳ። ዞራ አላየችም። ፎቶ ቤት እስክትደርስ ድረስ ፊልሙን በመዳፏ ጨብጣ ሄደች።

«የተበላሸ ካለ ልተወው?» አለ ፎቶ አጣቢው።

«ጥላ ያለበትን እንዳትተው።»

«ስንቱ ነው ጥላ ያለበት?»

«ሠላሳ ስድስቱም» አለችው።