ከፎቅ የወረዱ ጣሳዎች

የክሊኒኩ ጄኔሬተር ማጓራት ሲጀምር ኒማ መርፌውን ከአንድ የወደብ ሠራተኛ ክንድ ላይ እየነቀለች ነበር። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ብሎ ተመለሰ። ጥጡን ሰውየው ክንድ ላይ አስቀምጣ ጠበቅ አድርጎ እንዲይዘው ነገረችው።

"እናንተስ ታድላችኋል" አለ ሰውየው ወደ ጣሪያው እያየ። "እኛ ስድስተኛ ሰፈር መብራት ከሄደ ቆየ። ቤት ውስጥ መቀመጥ የማይቻል ነው። ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ወጥቷል።"

ኒማ የደሙን ብልቃጥ እንደያዘች ቀጥ አለች። ስድስተኛ ሰፈር የእሷም ሰፈር ነው። ሰው ሁሉ ወጥቷል። አባቷ ግን መውጣት አይችሉም። ጠዋት ወደ ሥራ ስትመጣ በሩን ከውጭ የቆለፈችው ራሷ ናት፤ ቁልፉም ነጭ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ነው። ሦስት ጊዜ ደወለች። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። አለቃዋን አስፈቅዳ ይሁን ሳታስፈቅድ በኋላ ማስታወስ አልቻለችም፤ ብቻ ጋዋኑን እንደለበሰች ሚኒባስ ውስጥ ራሷን አገኘችው።

የሐምሌ መጨረሻ ነው። የጅቡቲ ሐምሌ ደግሞ ከመስኮት የሚገባው ነፋስ ራሱ ከምድጃ አፍ የወጣ ይመስላል።

አባቷ ሮብሌ ሰሚሬ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በከተማዋ ዳር፣ አምቡሊ ውስጥ አትክልተኛ ነበሩ። መሬቱ የሰው ነው፤ እጁ ግን የእሳቸው። ቴምሩን፣ ዘይቱኑን፣ ቲማቲሙን፣ ከተማው ሻይ ውስጥ የሚጨምረውን ናና ከጉድጓድ ውሃ እየቀዱ ሲያበቅሉ ኖሩ። ከሦስት ዓመት በፊት የጉድጓዱ ውሃ ጨው ሆነ። ባለቤቱም ብዙ አላሰበም፤ መሬቱን ለሚገነባ ሰው ሸጠው። ሚስታቸው ቀደም ብላ ስላረፈች ሽማግሌው ሽርጣቸውንና የቅርንጫፍ መቁረጫቸውን ይዘው ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ አንደኛ ፎቅ ወጡ።

እግር ግን የለመደውን አይረሳም። ሮብሌ ንጋት ላይ ተነስተው በእግራቸው አምቡሊ ድረስ ይሄዱና፣ አትክልቱ በነበረበት ቦታ የቆመውን የብሎኬት አጥር አይተው ይመለሳሉ። ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ ኻምሲን የሚሉት የበረሃ ትኩስ ነፋስ በነፈሰበት አንድ ቀን ሳይመለሱ ቀሩ። አንድ የታክሲ ሹፌር መንገድ ዳር ወድቀው አግኝቶ፣ በውሃ አርሶ፣ ሰው እየጠየቀ ቤት አመጣቸው። የክሊኒኩ ሐኪም ኒማን ለብቻዋ ጠርቶ ሁለተኛ እንዲህ ከወደቁ እንደማይነሱ ነገራት። አሊ ሳቢህ ከተማ የሚኖረው ወንድሟ በስልክ "ጠብቂያቸው" አለ፤ በስልክ መጠበቅ ቀላል ነው። ኒማ ሥራ ትታ ቤት ብትቀመጥ ደግሞ ሁለቱንም የሚያበላቸው የለም።

ስለዚህ ቆለፈችባቸው። ለአንድ ሳምንት ብቻ ብላ ነበር የጀመረችው።

አባቷ ምንም አላሉም። ዝምታው ከበደባትና በሁለተኛው ቀን ባዶ የዘይትና የዱቄት ወተት ጣሳዎች፣ የፍየል ፍግ የተቀላቀለበት አፈርና ዘር ገዝታ መጣች። ሮብሌ ጣሳዎቹን አገላብጠው አዩና "ይሄ እኮ ግመል ጓዳ ውስጥ ማርባት ነው" አሉ። ቢሆንም ማታ ስትመለስ ሁሉም ታቹ ተበስቶ፣ አፈር ተሞልቶ፣ ዘር ወርዶበት ጠበቃት።

የመጀመሪያው ቡቃያ ጫፍ ጫፉ እየተቃጠለ ሞተ። የቧንቧው ውሃ ጨዋማ ነው፤ ሰው ይችለዋል እንጂ ለጋ ድንብላል አይችለውም። ሽማግሌው ሁለት ቀን ሲብሰለሰሉ ከርመው፣ በሦስተኛው ቀን ከአየር ማቀዝቀዣው ቱቦ የሚንጠባጠበውን ውሃ በጣታቸው ቀመሱት። ጨው የለውም። ባልዲ ደቀኑበት። ከዚያ በኋላ የፊት ለፊቱ ክፍል ሌላ ሆነ። ናናው ከወተት ጣሳ ወጥቶ ፈሰሰ፣ ድንብላሉ በዘይት ጣሳ ተንጨፈረረ፣ ሰላጣው ቅጠሉን ከፈተ፤ ተቆርጦ በተኛ ጀሪካን ውስጥ ቃሪያ አበበ። ሮብሌ ብርሃኑን እየተከተሉ ጣሳዎቹን ቀኑን ሙሉ ከመስኮት መስኮት ያዛውሩ፣ ያዞሩ ነበር። ኒማ ማታ ማታ ከዓሣው ጋር የገዛ ቤቷን ሰላጣ ስትበላ፣ የበሩ ነገር መፍትሔ ያገኘ መሰላት።

ባለፈው ሳምንት ነው ያ ሐሳብ የፈረሰው። ምድር ቤት የምትኖረው ልብስ ሰፊዋ ዳሃቦ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አስቆመቻት። አባቷ በየቀኑ ናናና ድንብላል እያሰሩ በዘንቢል፣ በገመድ፣ ለጎረቤት እንደሚያወርዱ ኒማ የሰማችው ያኔ ነው። ገንዘብ አይቀበሉም። ዘንቢሉ ባዶውን ሲወጣ ግን ትንሽ ቆመው ያወራሉ፤ ስለ ገበያው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ንፋሱ።

"ናናውን እንወስዳለን፣ እግዜር ይስጥልን እንላለን" አለች ዳሃቦ። "ግን ኒማ፣ ሰው ፍየሉን እንኳ እንዲህ አያስርም።"

"አባቴ ሲወድቅ ያነሳሽው አንቺ ነሽ?" አለቻትና ደረጃውን ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነጋገሩም።

ሚኒባሱ ገበያው ጋ ሲደርስ መንገድ ስለተዘጋጋ ወርዳ ሮጠች። ሙቀት የመታቸው ሰዎች ክሊኒክ ሲመጡ እንዴት እንደሚሆኑ ታውቃለች፤ ቆዳቸው ደርቆ፣ የራሳቸውን ስም አጥተው። ግቢው በር ላይ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው የሰው ጀርባ ነው። ሰባት ስምንት ጎረቤቶች በግድግዳው ቀጭን ጥላ ተደርድረው ወደ ላይ አንጋጠዋል።

ከዚያ ዘንቢሉን አየችው። ከመስኮቷ፣ በናይለን ገመድ፣ በጣም በዝግታ እየወረደ ነው። ውስጡ አንድ ጣሳ ድንብላል ቆሟል። ዳሃቦ እጇን ዘርግታ እንደ ሕፃን ተቀበለችውና ወደ ቤቷ ይዛው ገባች። ዳሃቦ ቤት ግድግዳው ወፍራም የድሮ ድንጋይ ስለሆነ ቀዝቃዛ ነው፤ ከደፉ ባሻገር ሃያ የሚሆኑ ጣሳዎች ወለሉ ላይ ተደርድረዋል።

ዳሃቦ ስትወጣ ከኒማ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

"በሩን እንስበረው አልናቸው" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "እንቢ አሉ። 'በሩ የልጄ ነው፤ ስትመጣ ትከፍተዋለች' አሉን።"

ኒማ ቀና አለች። አባቷ እርጥብ ፎጣ ራሳቸው ላይ ጥለው መስኮቱን ተደግፈዋል። ሸሚዛቸው ደረታቸው ላይ ተጣብቋል። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

"መጣሽ? ምነው በሰላም ነው፣ ከሥራ አስወጡሽ እንዴ?" አሉ። ቀጥለውም፣ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው፣ "ተክሎቹ ወርደዋል። የቀረሁት እኔ ነኝ" አሉ።

ቅያሜ አልነበረበትም። የሆነውን ነው የተናገሩት። ኒማ በጎረቤቶቹ መሃል አልፋ ደረጃውን ወጣች። ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ከተተችው።

በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ፊቷን በጥፊ መታት። ሮብሌ ባልዲውን ደፍተው ተቀምጠውበታል። እጃቸውን ያዘች፤ የደም ሥራቸው ምት ይፈጥናል፣ ግን አይቆራረጥም። የገመዱ መስመር መዳፋቸው ላይ ቀልቷል። ውሃ አጠጣቻቸው፣ የቀረውን አናታቸው ላይ አፈሰሰችው።

"ስልኩን ለምን አታነሳም?"

"እጄ ገመድ ይዟል።"

"ለምን እንዲሰብሩት አልፈቀድክላቸውም? በር እኮ ነው አባዬ። በር ይሠራል።"

ሽማግሌው ውሃውን ከጢማቸው ጠረጉ። "በሩ ቢሰበር" አሉ፣ "ሰው የሚያወራው ስለ በሩ አይደለም።"

ኒማ እግራቸው ሥር ቁጭ አለች። ማልቀሱ ሲመጣባት አልከለከለችውም። ሰኔ ላይ ለሞት ደርሰው እንደነበር፣ ሹፌሩ ባያገኛቸው ኖሮ ዛሬ የምትቆልፍበት ሰው እንኳ እንደማይኖራት ነገረቻቸው። እሳቸው እስክትጨርስ ጠበቁ።

"ልክ ነሽ" አሉ። "ዝም ያልኩሽ እኮ እኔም ስለፈራሁ ነው። ያን ቀን ሰማዩ ሲዞር አይቻለሁ። ቤት መቀመጡ ደስ ብሎኛል ብልሽ አልዋሽም።" ፎጣውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ። "አሁን ግን ሌላ ነገር መጣ። ትናንት ማታ በሩን ከፍተሽ ስትገቢ ውጭውን አየሁትና ደነገጥኩ። ካንቺ ቁልፍ ይልቅ ያ ድንጋጤ ያሰጋኛል።"

ይዛቸው ወረደች። ሁለት ወር ደረጃ ያልረገጠ ጉልበት እንዴት እንደሚሆን ያየችው ያኔ ነው፤ አባቷ፣ ዘንባባ ላይ እንደ ድመት ይወጡ የነበሩት ሰው፣ እያንዳንዱን ደረጃ በሁለት እግራቸው እየቆሙ ወረዱት። ዳሃቦ ምንጣፍ አንጥፋ፣ ሎሚ ጨምቃ ጠበቀቻቸው። እሳቸው ግን ከመቀመጣቸው በፊት ጣሳዎቹን አንድ በአንድ አዩ፣ ሰላጣው ከበሩ ወላፈን እንዲርቅ አዘዙ፣ መስኮቱን ግማሽ ክፈቱልኝ አሉ፤ ዳሃቦ ናናውን ከቃሪያው ጋር በማጣበቋም ተቆጧት።

"አዴር ሮብሌ፣ አጎታችን፣ ናናዎ ከእርስዎ ቀድሞ ጎረቤት ጠየቀ እኮ" አለች አንዲት ሴት ከደጅ።

ሮብሌ ሳቁ። ኒማ ድምፁን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደባት፤ ረስታው ነበር።

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ እዚያው ዋሉ። ሽማግሌው ምንጣፉ ላይ ትንሽ አሸለቡ፤ ሲነቁ ለዳሃቦ የናና ጫፍ እንዴት እንደሚቀነጠስ፣ ካልቀነጠሱትም እንዴት ጠግቦ ወደ ላይ ብቻ እንደሚመዘዝ አሳዩዋት። ኒማ ብርጭቆ ልታጥብ ስትነሳ ዳሃቦ ተከተለቻት።

"ባለፈው ያልኩሽ ነገር…" አለች።

"ያልሽኝ ልክ ነበር። እኔ ያልኩሽም ልክ ነበር።"

ዳሃቦ አንዱን ብርጭቆ ተቀብላ አለቃለቀች። ከዚያ በኋላ ያን ነገር አላነሱም።

ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስታዘቀዝቅ መብራቱ መጣ። ግቢው በአንድ ጊዜ በቴሌቪዥንና በማቀዝቀዣ ድምፅ ተሞላ፤ ላይ ቤትም የኒማ አየር ማቀዝቀዣ አጓርቶ ሥራውን ጀመረ። ሁለት ጎረቤቶች ጣሳዎቹን ወደ ላይ እንመልስ ብለው መጡ። ሮብሌም ተነስተው አንዱን ጣሳ ታቅፈዋል፤ ወደ ልጃቸው ግን አላዩም።

ኒማ ደረጃውን አየችው። ጠባብ ነው፣ መደገፊያው ግን ጠንካራ ነው። ነገ በአንድ ሰዓት ክሊኒክ መግባት አለባት። አባቷ አምቡሊ ሁለተኛ እንደማይሄዱ ቃል አልገቡላትም፤ ቃል ቢገቡም እግራቸውን ታውቀዋለች። ልታስምላቸው ቃሉ አፏ ድረስ መጣ፤ ተወችው።

"ተዉት" አለች ለጎረቤቶቹ። "ዳሃቦ ካልከበዳት እዚሁ ይሁኑ።"

"ለእኔ ምን ይከብደኛል" አለች ዳሃቦ። "መስኮቴ የጠዋት ፀሐይ አለው። የማቀዝቀዣው ውሃ ግን ላይ ነው ያለው፤ የእኔ ቧንቧ ጨው ነው። አንቺ ሥራ ውለሽ ማን ያወርድልኛል?"

ኒማ ጣሳውን ከአባቷ እጅ ተቀብላ መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው።

"አባዬ ነዋ" አለች። "ጠዋትም ማታም።"