ቺንግዳዎ የደረሰው መርዶ

ኑ እስቲ ተጠጉ፤ ጥላው ወደዚህ ዞሯል። አንቺም ልጅ፣ እግርሽን ሰብሰብ አርጊና ለባልንጀራሽ ቦታ ልቀቂላት። የማወራላችሁ የጎረቤቴን የባየልኝን ቤት ነገር ነው። መተማ አጠገብ፣ ኮኪት ላይ እርሻችን ድንበርተኛ ነበር፤ በወሰን ተጣልተን አናውቅም።

ባየልኝና ሚስቱ አየሁሽ አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ደረበ የሚባል። ትምህርት ቀናውና የወደብ ሥራ ሊማር ቻይና አገር፣ ቺንግዳዎ ወደምትባል ከተማ ሄደ። የኛ ሰሊጥ በመርከብ ሄዶ የሚራገፍባት ከተማ ናት አሉ። ባየልኝ ይህን ከሰማ ወዲህ የኩንታሉን አፍ በመርፌ በሰፋ ቁጥር ጆንያውን መታ መታ አድርጎ፣ "ሂድ፣ ልጄን ሰላም በልልኝ" ይል ነበር።

ደረበ ሲደውል ስለ ከተማይቱ ያወራል። ድሮ ጀርመኖች ይዘዋት ሳለ የሠሯቸው ቀይ ጣሪያ ያላቸው ቤቶች ዛሬም አሉ አለን። የቢራ ፋብሪካውንም ያን ጊዜ ነው የተከሉት። ሰዉ ቢራውን በፌስታል አስቀድቶ፣ አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ይገባል።

"በፌስታል?" አለ ባየልኝ። "ቢቀደድባቸውስ?"

"አይቀደድም አባዬ፣ ለምደውታል።"

"በል አንተ እንዳትለምድ! ልጄ በፌስታል ይጠጣል ተብሎ በምን ዓይኔ ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ?"

ሳቅን ያን ቀን።

በጥቅምት፣ ሰሊጡ ሲደርስ፣ ባየልኝን ወባ ያዘው። ሐኪም ቤት ሳናደርሰው መንገድ ላይ አረፈ። ቀበርነው። ሰሊጥ ደግሞ ሐዘን አያውቅም፤ አፉን ከከፈተ መሬት ላይ ይረግፋል። ከቀብር መልስ ማጭድ ያዝን። ከጎጃም የመጡት የቀን ሠራተኞች እንኳ ሳይዘፍኑ ነው ያጨዱት። አየሁሽ ነዶ ታስራለች፣ ታቆማለች፣ ደግሞ ታስራለች። አታለቅስም፣ አትናገርም። የሚሠራው እጇ ብቻ ነበር።

ደረበስ? በኛ ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ ደጅ ይቆማል። ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው፣ ሲያለቅስ አብሮት የሚያለቅስ አለ። ለብቻው ለቆመ ልጅ በስልክ መርዶ አይነገርም። ብቻውን የሰማ ሰው እንባው ወደ ውስጥ ይቀራል፤ የቀረ እንባ ደግሞ አእምሮ ይነሳል ይባላል። አየሁሽ የፈራችው ይህን ነው፤ ልጄ ሳያለቅስ ይቀርብኛል ብላ። እናም በደወለ ቁጥር አባትህ ለሥራ ቆላ ገለጉ ወርዷል እንለዋለን። ገለጉ ኔትወርክ የለማ።

"አሁንም ገለጉ?" ይላል።

"መንገዱ ተበላሽቶበት ነው" ትለዋለች።

ሚያዝያ ላይ፣ የመተማ ዮሐንሱ ሰሊጥ ነጋዴ ሷሊህ ለንግዱ ወደዚያች ከተማ ሊሄድ ነው ሲባል ሰማን። አየሁሽ እኔን አስከትላ ሄደች።

"ሷሊህ ልጄ፣ መርዶውን አንተ አድርስልኝ። እንደ ወጉ።"

"እማ አየሁሽ፣ እኔ እስላም ነኝ፤ የናንተን ወግ እንዴት አርጌ..."

"እንባ እስላም ክርስቲያን ይላል እንዴ? ብቻህን ሆነህ ግን እንዳትነግረው። ሰው ሰብስብ።"

"ወላሂ፣ እዚያ ሰው ከየት አባቴ አመጣለሁ?"

"ሰው የሌለበት ከተማ የት አለ!"

ሲመለስ ከአየሁሽ ቤት ቁጭ ብሎ እንዲህ ሲል ነገረን። ከተማይቱ ጭጋግ ለብሳ ነበር። ደረበ ከሚኖርበት ፎቅ ሥር በማለዳ ሲደርስ ሽማግሌ ዘበኛና የሚበላ የባሕር ዛጎል በባልዲ የምትሸጥ አሮጊት አገኘ። የሷሊህ ቻይንኛ የገበያ ነው፤ ዋጋ ከመከራከር አያልፍም። "አባት" የሚለውን ቃል ግን ያውቅ ነበር። ያን ተናግሮ ዓይኑን ጨፈነና እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ አሳያቸው፤ ወደ ላይ ወደ ደረበ መስኮት ጠቆመ። ገባቸው። ዘበኛው ኮፍያውን አወለቀ። አሮጊቷም እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተከተለችው።

ደረበ በሩን ከፈተ። ሷሊህን አየ። ከኋላው አንገታቸውን ደፍተው የቆሙትን ሽማግሌውንና አሮጊቷን አየ፤ ገና ማለዳ ነው። ማንም አፉን ሳይከፍት፣

"መቼ?" አለ።

"በጥቅምት።"

"እሺ" አለና ጫማውን አደረገ። "ና፣ ከተማውን ላሳይህ።"

ሥር ሲወርዱ አሮጊቷ ከባልዲዋ ዛጎል በፌስታል ቋጥራ ደረበ እጅ ላይ አኖረችለት። ያን ፌስታል ይዞ ቀኑን ሙሉ ዞረ፤ ውኃው ሱሪው ላይ ሲንጠባጠብ አላወቀውም።

"ይህ የባሕር ሰላጤ ነው" ይለዋል። "በላዩ ድልድይ፣ በሥሩ የመኪና ዋሻ አለው። ያ ተራራ ላውሻን ነው፤ የቢራው ውኃ ድሮ ከዚያ ነበር የሚመጣ። በበጋ አሮጊቶቹ ፀሐይ እንዳያጠቁራቸው ፊታቸውን በጨርቅ ሸፍነው ይዋኛሉ፤ ዓይንና አፍ ብቻ ነው የሚታይህ።" ወደቡ ዘንድ ሲደርሱ፣ "ሰሊጣችን እዚህ ይራገፋል። ከሱዳኑም ከሌላውም ጋር እዚህ ይገናኛል። አንዱ ዘይት ይሆናል፣ አንዱ ዳቦ ላይ ይነሰነሳል" አለው። ድምፁ እንደ ራዲዮ ዜና ነበር። ሷሊህ "ቁጭ እንበል" ሲለው፣ "ገና የዓሣ ገበያውን አላየህም" ይለዋል።

"አለቀሰልኝ?" አለች አየሁሽ።

ሷሊህ መሬት መሬት አየ። "አላለቀሰም፣ እማ። እግሬ እስኪዝል አዞረኝ እንጂ።"

ሷሊህ ተነሥቶ ሲሄድ አየሁሽ እንደተቀመጠች ነበረች።

ትንሽ ሰንብቶ ደረበ ደወለ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ድምፁን ለሁላችን ከፈተችው።

"እማዬ።"

"ወዬ።"

ለምን ደበቃችሁኝ አላለም። "ዛሬም ጭጋግ ነው" አለ። "መርከቦቹ አይታዩም፤ ጡሩምባቸው ብቻ ነው የሚሰማ።" ከዚያ ስለ ባቡሩ፣ ከዚያ ስለ ቤት ኪራይ። "እግዜር ያጥናህ" ልል አፌን ስከፍት አየሁሽ በእጇ ከለከለችኝ።

"ደረበ" አለችው፣ "አባትህ መጥቶልህ ቢሆን መጀመሪያ የት ትወስደው ነበር?"

የመርከብ ጡሩምባ በስልኩ መጣ።

"ከቤቴ በላይ ኮረብታ አለ" አለ። "ከዚያ ላይ ባሕሩ እንዳለ ይታያል። ግን ደረጃው ብዙ ነው። ጉልበቱን ያመዋል እኮ።"

"ያመዋል" አለች።

"አይችለውም እማዬ። አባዬ ያን ደረጃ አይችለውም።"

"ቀስ እያላችሁ ነዋ። ትደግፈው የለ?"

"እደግፈው ነበር" አለ። ሁለተኛ ሊለው ሲሞክር አልወጣለትም። ከዚያ ወዲያ የሰማነው ቃል አልነበረም፤ ለቅሶ ነበር። አየሁሽ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ "አለሁ፣ አለሁ" ትለው ነበር፤ የሷም እንባ ከቀብሩ ወዲህ ገና ያን ቀን ወረደ።

ልጆቼ፣ ነገ ከነገ ወዲያ እናንተም ሩቅ አገር ትሄዱ ይሆናል። ሐዘን የገባበት ሰው ስለ ድልድይ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ባቡር ሳያቋርጥ ሲያወራችሁ፣ ዝም በል አትበሉት፤ አብራችሁት ዙሩ። ይችን ብቻ አደራ፣ አትርሱብኝ።