እርስዎ እያሉ

«ተረከብ» አሉ መቶ አለቃ ደመቀ ከኋላ መቀመጫ።

ከፊት በተቀመጠው በሰይፈዲን ጉልበቶች መሃል የመሪው ዘንግ ቆሟል። ለአሠልጣኙም ከኋላ አንድ አለ፤ ሁለቱ አብረው ነው የሚንቀሳቀሱት። ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነውና ከነፋሱ ፉጨት በቀር ድምፅ አይሰማም። ከታች የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ዛፎች ይታያሉ።

«ኧረ እርስዎ እያሉ?» አለ ሰይፈዲን፣ እጁን ወደ ጭኑ እየሰበሰበ።

አውሮፕላኑ ለጥቂት ጊዜ ቀጥ ብሎ ሄደ። መንዳትማ እንዲህ ነው እንጂ ሲል ሰይፈዲን አሠልጣኙን በልቡ አደነቀ። ከዚያ ግራ ክንፉ ቀስ በቀስ አዘነበለ፤ አፍንጫውም ወደ ታጨደው የገብስ ማሳ አቀረቀረ። ያኔ ዘንጉ በድንገት ተንቀሳቀሰና ክንፉ ተቃና።

መሬት ሲደርሱ መቶ አለቃ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቅድም መሪውን የያዘው ማን ነበር?»

«እርስዎ ነዎታ።»

«ክንፉ እስኪያዘነብል የኔ እጅ ደረቴ ላይ ነበር። ላይህ ብዬ ነው የለቀቅኩት።»

«ታዲያ ማን...»

«ማንም። የጨዋ ልጅ ነህ፣ ያሳደገህ ይባረክ። እዚያ ላይ ግን መግደርደር የለም። ‹ተረከብ› ስልህ መልሱ ‹ተረክቤያለሁ› ብቻ ነው። መልሼ ስፈልገው ‹መልስ› እልሃለሁ። እስከዚያ ያንተ ነው።»

ጊዜው ጥር 1962 ዓ.ም. ነው። ከየትምህርት ቤቱ ለተመረጡት አሥራ ሁለት እጩዎች ሦስት ሦስት በረራ ተፈቅዶላቸዋል። በሦስተኛው መሪ ያልያዘ ለክረምቱ የአብራሪነት ሥልጠና ስሙ አይተላለፍም። ሰይፈዲን ሁለቱን ጨርሷል።

ልጁ ፈሪ ሆኖ አይደለም። በክፍል ውስጥ የክንፍን ነገር እንደሱ አድርጎ የሚያስረዳ አልነበረም። ነገር ግን እናቱ ወይዘሮ ዘይነባ ኮልፌ ውስጥ የታወቁ ሥርዓት አክባሪ ናቸው። በእሳቸው ቤት ትልቅ ሰው ሳይጀምር እጅ ወደ ሳህን አይዘረጋም፤ ወንበር ቢሰጡም ሳይለመኑ መቀመጥ ነውር ነው። ይህ ሁሉ አስተዳደግ ሰማይ ላይ ጣጣ ያመጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ክንፉን ደግፎ የቆመው ጓደኛው ቦሩ ወሬውን ሰምቶ ኖሯል።

«ምነው፣ ‹በሞቴ› እስኪሉህ ነው የምትጠብቀው?» አለው።

ሰይፈዲን አብሮት ሳቀ፤ ውስጡ ግን ተቃጠለ። ክረምቱ እንዲያመልጠው አልፈለገም።

ከሰዓት በኋላ ተራው ደረሰ። የሚጎትታቸው የብረት ገመድ ተወጠረ፤ ሜዳው ከሥራቸው ሸሸ። ከፍታው ላይ ሲደርሱ ገመዱ ተለቀቀና ጸጥታ ሆነ።

«ተረከብ።»

ትልቅ ሰው ከኋላው ተቀምጦ መሪ መጨበጥ አሁንም ድፍረት መሰለው። ቢሆንም ጨበጠው።

«ተረክቤያለሁ።»

ዘንጉ ከጠበቀው በላይ ቀላል ነበር። ወደ ቀኝ ቢለው ቀኝ፣ ወደ ግራ ቢለው ግራ ይታዘዛል። የኮልፌ ቆርቆሮ ቤቶች በፀሐይ ያብለጨልጫሉ። የእናቱን ቤት ሊፈልግ አሰበና ተወው፤ ሥራ ላይ ነው። ደስታው ደረቱን ሞላው።

ወደ ሜዳው የሚመልሳቸው መዞሪያ ሲቃረብ ከወጨጫ ተራራ በኩል የመጣ ነፋስ ክንፉን አንገላታው። ሰይፈዲን ጥርሱን ነከሰ።

«ላግዝህ?» አሉ መቶ አለቃ ለስለስ ባለ ድምፅ። «መልስ» አላሉትም።

እጁ ሊላላ ምንም አልቀረውም። እሺ ቢል የሚቀየመው የለም፤ እንዲያውም አክባሪ ያሰኘዋል። ክንፉን አቃናና መዞሪያውን ጀመረ።

«አይድከሙ፣ መቶ አለቃ» አለ። «ተረክቤያለሁ።»