በናፍታ የታጠበው መንጋጋ

ጋሽ በቀለ ሠላሳ ዓመት በምድር ባቡር ጥገና ክፍል የሞተር ዕቃ በናፍታ ሲፈትግ የኖረ ሰው ነው። የሳቢያን ሰፈር ጎረቤቶቹ "ዶሮ ቢሰጡት ከነላባዋ ያብለጨልጫታል" ይሉታል። ጡረታ ወጥቶ በር ላይ ተገትሮ ባጃጅ መቁጠር ሲያንገሸግሸው፣ ጀልዴሳ አካባቢ የጥንት ሰው አጥንት ከሚፈልጉ ተመራማሪዎች ጋር ለሁለት ወር ተቀጠረ። ደህና ነገር ያገኘ ቋሚ ይሆናል ተብሏል። እሱም ወደዚያ በር ከመመለስ ሞቱን ይመርጥ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከገደል ሥር ያገጠጠ መንጋጋ አየ። ደንቡ "ሳትነኩ ጥሩን" ነው። በቀለ ግን እንዲህ የቆሸሸ ነገር ለዶክተር ማሳየት ነውር መሰለው። ፈልቅቆ በሽርጡ ጠቀለለና ቤቱ ወሰደው፤ ናፍታ ውስጥ ዘፈዘፈው፤ በሽቦ ብሩሽ ፈተገው። ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ለቡድኑ መሪ ለዶክተር ሂባቅ አቀረበላት።

"አፈሩስ?" አለች።

"አንዲት ቅንጣት አልተውኩም!" አለ ደረቱን ነፍቶ።

"ጋሽ በቀለ፣ አጥንቱ እኮ ዕድሜውን አይናገርም። የምንለካው የተቀበረበትን የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። የት ነበር?"

መርቶ ወሰዳቸው። እሑድ የጣለው ዝናብ ገደሉን ንዶታል። "እዚህ... የለም፣ እዚያ ማዶ..." እያለ እስከ ቀትር አዞራቸው።

"ወሪያ በቀለ!" አለ ዋበሪ፣ የጀልዴሳው ባልደረባው። "የሚሊዮን ዓመት ሽማግሌ አጥበህ የትናንት ሕፃን አደረግኸው አቦ!"

ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ዋበሪ በበኩሉ ያገኛትን አንዲት ጥርስ ሳይነካ ዙሪያዋን ድንጋይ ደርድሮ ጠርቷቸው ነበርና፣ ሁለቱ ወር ሲያልቅ ቋሚ ሆነ። በቀለ ዕቃውን ሸክፎ ሊሰናበት ሲል ሂባቅ አስቆመችው።

"እርስዎም ይቆያሉ" አለችው።

እንባው መጣ። እጇን ሊስም ምንም አልቀረውም።

ሥራው ይኸው ነው፦ አዲስ ተለማማጆች በመጡ ቁጥር መንጋጋውን ይዞ ፊታቸው ይቆማል።

"በምን አጠቡት ጋሽ በቀለ?" ትለዋለች ሂባቅ።

"በናፍታ።"

"ዕድሜውስ?"

"አይታወቅም።"

ሳቁ ይፈነዳል። ባለፈው ሳምንት ግን ማርቲ የምትባል ተለማማጅ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ሳትስቅ ቀረች።

"ይቺ ልጅ አልገባትም መሰለኝ" አለች ሂባቅ። "ይድገሙላት።"

በቀለ መንጋጋውን ከፍ አድርጎ ያዘና ደገመላት።