እንፋሎቱ እስኪቆም

«ሐዘን ቤት ውስጥ ዋፍል? ሰው ምን ይለናል!» አክስቷ ድምጿን ዝቅ ብታደርግም እጇን ከወገቧ አላነሳችም።

ልጅቱ ዱቄቱን ከቤኪንግ ፓውደር፣ ከቁንጣሪ ጨውና ከትንሽ ስኳር ጋር ቀላቅላ መሃሉን ጎድጎድ አደረገችው። አባቷ ከተቀበረ ወዲህ በእናቷ አፍ እህል አልዞረም። ጎረቤታቸው ፋርማሲስቷ ጠዋት መጥታ፣ «የግፊት ኪኒን በባዶ ሆድ እስከ መቼ? ራሷን ስታ ብትወድቅ በሐዘን ላይ ሐዘን ልትጨምሩ ነው?» ብላ ተቆጥታ ሄዳለች። ሾርባው እንደቀረበ ተመልሷል፤ ዳቦውም፣ ልመናውም።

«የሚለውን ይበል፣ አክስቴ። ብቻ እማ ትቅመስልኝ።»

ሳሎን ውስጥ የአባቷ የሥራ ባልደረቦች፣ የአውቶቡስ ሾፌሮቹ፣ ጥግ ይዘው ይንሾካሾካሉ።

«‹ፍሬን የለሽ› ያልነው እኮ ለመንዳቱ አይደለም፤ ለአፉ ነው፤» አለ አንዱ።

«እኔን ስንቴ አዋርዶኛል! በነጋታው ግን ሻይ ይዞልኝ የሚመጣው ራሱ ነው። ቂም የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።»

ልጅቱ ሳታስበው ፈገግ አለች። መንገድ ላይ ከእግረኛውም ከትራፊኩም ሲነታረክ የሚውለው ሰው፣ በእረፍት ቀኑ ጠዋት ሌላ ሰው ነበር። ሕፃን ሳለች ኬክ ቤት ደጃፍ ላይ ዋፍል አይታ፣ ካልተገዛልኝ ብላ መሬት ላይ ተንከባላ ነበር። ያኔ ተቆጥቶ እየጎተተ ወሰዳት። ሰንበት ብሎ ግን ያገለገለ የዋፍል መጋገሪያ እንደ ሕፃን ታቅፎ ቤት ገባ። የመጀመሪያውን ቸኩሎ ከፈተው፤ ዋፍሉ ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ላይ፣ ግማሹ ታች ተጣብቆ ቀረ። እናቷ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ወዲህ እንፋሎቱ እስኪቆም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መጠበቅ ለመደ።

«ቀይ መብራት ይዞናል፤» ይላታል። «አረንጓዴ ሲበራ እንሄዳለን።»

አሬራውን ከእንቁላሉና ከቀለጠው ቅቤ ጋር መትታ ዱቄቱ ላይ ገለበጠችና ጥቂት አማስላ ተወችው። ትንሽ ቢጓጉል አባቷ ግድ አልነበረውም፤ «አብዝተሽ ካማሰልሽው የጫማ ሶል ነው የምትበይው» ይላት ነበር።

ሊጡን ጨልፋ መጋገሪያውን ከደነችው። እንፋሎቱ በጠርዙ ቡልቅ ቡልቅ አለ።

«አረረ እኮ!» አክስቷ እጇን ወደ መክደኛው ሰደደች።

«ቆይ፣ አክስቴ። አረንጓዴ አልበራም።»

አክስቷ እጇ አየር ላይ ቀረ። የወንድሟን ቃል ከልጅቱ አፍ ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ሻርፗን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ከዚያ በኋላ ስለ ሰው አፍ አላነሳችም።

እንፋሎቱ ሳሳ፤ ቆመ። ልጅቱ ስትከፍተው ዋፍሉ ወርቅ መስሎ፣ አንድም ሳይጎድልበት ወጣ። ቀና ስትል እናቷ የበሩን መቃን ተደግፋ ቆማለች።

«የሱ ሽታ ነው፤» አለች እናቷ።

ወንበር ሳቡላት። ከጫፉ ቆርሳ ጎረሰች፤ ማኘክ የረሳች ይመስል ቀስ ብላ አላመጠችው።

«የሱን ያህል አልሆነልኝም አይደል፣ እማ?»

«እሱ መች ቀምሶት ያውቃል?»

«እንዴ! እኛን አብልቶ የራሱን እዚህ ቆሞ ይበላ የለ?»

«አንቺ እንደዚያ መስሎሽ ነው። የስኳር በሽታ እንዳለበት ያወቅሽው ካደግሽ በኋላ ነው እንጂ ያኔም ነበረበት። ‹ልጄ ካወቀች ዋፍሉን ትተወዋለች› ብሎ አስማለኝ። እዚህ ቆሞ እንፋሎቱን እየሳበ፣ ‹እኔን ሽታው ይበቃኛል› ይለኝ ነበር።»

ልጅቱ ጭልፋውን አስቀመጠች።

እናቷ ሌላ ቁራሽ አነሳች። ከዚያ ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሳችና፣ ለሙቀቱ ተከፍቶ የዋፍሉ ሽታ የሚወጣበትን የወጥ ቤት መስኮት ቀስ ብላ ዘጋችው።