ሎሬታ እና ሠላሳ ስምንቱ

አማቴ ሎሬታ ቤቷን ላለመልቀቅ ስድስት ጥይት ዒላማ ላይ ማሳረፍ ነበረባት። ፈተናውን ያወጣው ልጇ፣ ባሌ ትራቪስ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በረዶው ገና ሳይቀልጥ ነው። አንድ የማናውቀው ሰው በጠራራ ፀሐይ የሎሬታን የመግቢያ በር መስታወት በክርኑ ሰብሮ ገባ። የጠጣውን ወይም የወሰደውን እንጃ፣ ዓይኑ የሚያየውን የሚያይ አይመስልም ነበር አለች በኋላ። እሷ ወጥ ቤቷ በር ላይ ቆማ የሟች ባሏን ትልቁን ባለ አርባ አራት ቁጥር ሽጉጥ በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ግን ሽጉጡ ከብዷት አፈሙዙ ወደ ወለሉ አዘቀዘቀ፤ ቁርጥማት ያጎበጠው አውራ ጣቷም መምቻውን ወደ ኋላ መሳብ አቃተው። ሰውየው ትንሽ አያት፣ ከመስቀያው ላይ አንድ ካፖርት አነሳ፣ በገባበት ወጣ። የወረዳው ፖሊስ ኃላፊ፣ ሸሪፉ፣ ሲደርስ ስብርባሪው ተጠርጎ አልቆ ነበር።

በእኛ የሞንታና ሜዳ ጎረቤት ማለት መብራቱ ከሩቅ የሚታይ ሰው ነው። ትራቪስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣ። ቤቱ ተሽጦ እናቱ እኛ ዘንድ ከተማ እንድትገባ ወሰነና ለደላላ ደወለ። ሎሬታ ይህን የሰማችው እሁድ ምሳ ላይ፣ የድንቹን ሳህን እያቀበለችን ሳለ ነው።

"ማንን ጠይቀህ ነው?" አለችው።

"እማዬ፣ ያ ሰውዬ ካፖርት ይዞ ባይወጣ ኖሮስ?"

"ካፖርቱ እንደሆነ ያባትህ ነው፤ አይሆነውም። እጅጌው ያጥረዋል።"

"እየቀለድኩ አይደለም።"

"እኔም አልቀለድኩም። ረጅም ነበር።"

ትራቪስ ሹካውን አስቀመጠ። ድንቹ እስኪቀዘቅዝ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ እዚህ አገር ሁሉም ሰው የሚያውቀው መፈተኛ ላይ ተስማሙ፦ የወረቀት ሳህን። ለሽርሽር የምንይዘው ነጩ ሳህን ማለት ነው፤ መሐል ደረትን ያህላል ይባላል። ከወጥ ቤቷ በር እስከ መግቢያው ባለው ርቀት ይሰቀልና ስድስት ጥይት ሳታቋርጥ ትተኩሳለች። ስድስቱም ካረፉበት ቤቷ ትቀራለች። ካልሆነ ደላላው ይመጣል።

"በየትኛው ሽጉጥ?" አልኩ። ያን ቀን በዚያ ጠረጴዛ ላይ የተናገርኩት ይሄን ብቻ ነው።

"የመረጠችውን ትያዝ" አለ ትራቪስ። "ያባዬን አርባ አራት ግን ተይው እማዬ። ለሱም ከብዶት ነበር፣ አይናገርም እንጂ።"

በማግስቱ እኔና ሎሬታ መርል ሱቅ ሄድን። መርል ሚስማር፣ የከብት መድኃኒትና ጥይት በአንድ ጣሪያ ሥር ይሸጣል፤ ከሱቁ ኋላ ደግሞ ጥይት እንዲያስቀር ተብሎ የተቆለለ የአፈር ጉብታ ያለበት የመተኮሻ ሜዳ አለው። ባንኮኒው ላይ ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጣው ኦቲስ ተደግፏል። ኦቲስ የሚገዛው ነገር የለም፤ የሚሰጠው ምክር ግን አያልቅበትም።

"አርባ አምስት" አለ፣ ገና የመጣንበትን ሳንናገር። "አርባ አምስት የመታው ሰው ሁለተኛ አይነሳም።"

"ዘጠኝ ሚሊሜትር ይሻላል" አለ መርል። "ብዙ ጥይት ይይዛል፣ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታው ግፊቱም ለከት አለው።"

"ዘጠኝ ማለት እኮ አርባ አምስት ሆኖ ውሃ ሲነካው የተኮማተረ ነው።"

"ሚስትህ ዘጠኝ አይደል የያዘችው?"

"እሷ እኔን ለመምታት ነው የያዘችው፤ ለኔ ይበቃል።"

ሎሬታ ሁለቱንም ጨርሰው እስኪያወሩ ጠበቀቻቸው። ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራለች፤ የሚንጫጫ ሰው አያስቸኩላትም። "መርል፣ እኔ የመጣሁት የናንተን ለመስማት አይደለም። እጄ ላይ አስቀምጥልኝና ልየው" አለችው።

መርል እዚህ አገር በየሱቁ የሚሠራውን ስህተት ሠራ። ከመስታወቱ ሥር ትንሽ፣ አጭር አምስት ጥይት ጎራሽ አውጥቶ፣ "ለሴት የሚሆነው ይሄ ነው። ሠላሳ ስምንት። ቦርሳ ውስጥ መኖሩም አይታወቅሽም" አላት። እውነትም ላባ ነው የምታክለው።

ሜዳው ላይ የጆሮ መከላከያ አድርገን ቆምን። ሎሬታ አንዴ ተኮሰች። ሽጉጧ ወደ ሰማይ ዘለለች፤ ወረቀቱ ግን እንደተሰቀለ ምንም አልነካውም። መዳፏን ገልብጣ አየችው፤ ቀልቷል።

"የሴት ነው ያልከኝ?"

"አዎ።"

"የየትኛዋ?"

ዘጠኙን ስትሞክር ማቀባበያውን ወደ ኋላ የሚስብ ጣት አልነበራትም። ኦቲስ አርባ አምስቱን ካልሞከርሽ ብሎ አስቸገረ፤ እሱንም በራሱ እጅ አቀባብሎ ሰጣት። ሁለት ተኩሳ መለሰችለት፣ "መሬቱን መትቼልሃለሁ፤ ሁለተኛ አይነሳም" ብላ። መርል ቀጥሎ የሰጣት ሃያ ሁለት ግን አስደሰታት። ትንሽ ጥይት ናት፣ ድምፅዋም እንደ ጭብጨባ ነው። ሎሬታ አጥሩ ላይ የተደረደሩትን ቆርቆሮዎች አንድ በአንድ ስትጥል ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላየሁት ነው።

"ይሄን ልውሰድ?" አለች።

መርል አንገቱን አከከ። "ለመዝናኛ አቻ የለውም። ግን በዚያ በርሽ በኩል አደገኛ ሰው ቢገባብሽ፣ እኔ አንቺን በሃያ ሁለት ትቼሽ እቤቴ መተኛት አልችልም። አንዳንዴም ጥይቱ ይከሽፋል።"

ከዚያ መርል ትንሿን አምስት ጎራሽ መልሶ አነሳት። ጀርባውን ሰጥቶን ጥይት ሲያጎርሳት ቆየና ለሎሬታ ሰጣት። ከጥይቶቹ መሐል አንድ ባዶ ቀለህ ቀላቅሎ እንደነበር አልነገራትም። ሽጉጧ ሁለቴ ጮኸች። ሦስተኛው ላይ ቀጭ ብቻ አለች። ምንም ሳይተኮስ አፈሙዙ እንደሚሰግድ ሰው ቁልቁል ወረደ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች ሎሬታ።

"ድንጋጤ ነው። ግፊቱ ሳይመጣ ቀድመሽ ትታገይዋለሽ። ሁላችንም ላይ አለ።" ወደ እኔ ዞረ። "ጆሊን፣ ከጎን ነበርሽ። ምን አየሽ?"

እጇን ሳይሆን ፊቷን ነበር የማየው። "ዓይኗን ጨፈነች" አልኩ። "ቃታውን ከመሳቧ በፊት።"

ሎሬታ ሽጉጡን ባዶ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና የጆሮ መከላከያዋን አወለቀች። "በሃያ ሁለቱስ?"

"በሃያ ሁለቱ አልጨፈንሽም።"

"እንግዲያው" አለችው ለመርል፣ "ትልቅም ትንሽም አትበለኝ። በረዶ ላይ፣ ጭጋግ ውስጥ፣ የሰው ልጆች ጭኜ ነድቻለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ አላውቅም። ዓይኔን የማያስጨፍነኝን ፈልግልኝ፤ ከዚያ ውስጥ ኃይለኛውን እወስዳለሁ።"

በዚያ ባንኮኒ ላይ ሰዎች ስለ ጥይት ሲከራከሩ ዓመታት ሰምቻለሁ፤ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ክብደቱ፣ ሰውነት ውስጥ ስለሚገባው ጥልቀት። ከተኳሹ ዓይን የጀመረ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

መርል ገብቶ ቆይቶ ወጣ። የያዘው ረጅም አፈሙዝ ያለው፣ ከባድ የብረት ስድስት ጎራሽ ነበር፤ ጥቁሩ ቀለም ጠርዝ ጠርዙ ላይ ለቋል። ድሮ ለውድድር የሚያገለግል እንደነበር ነገረን። ጥይቶቹ ደግሞ እንግዳ ናቸው። ጫፋቸው አልሾለም፤ አፍንጫቸው በቢላ የተቆረጠ ይመስል ጠፍጣፋ ነው፣ ባሩዳቸውም ለዘብ ያለ።

"ቁጥሩ ስንት ነው?"

"ሠላሳ ስምንት።"

"ያቺ የመታችኝስ?"

"እሷም ሠላሳ ስምንት ናት። ያቺ ላባ ስለሆነች ግፊቱን ሁሉ ላንቺ ነው የምታስተላልፈው። ይሄ ብረቱ ራሱ ግፊቱን ይውጥልሻል።" ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "መጀመሪያ ይሄን መስጠት ነበረብኝ" አለ።

ሎሬታ በሁለት እጇ ያዘችው። ከባድ ነው፤ ግን ክብደቱ እንደ አርባ አራቱ ወደ ፊት አይጎትትም፣ መዳፍ ላይ ያርፋል። ቃታውም ለስልሶ ስለነበር መምቻውን በአውራ ጣት መሳብ አላስፈለጋትም። ስትተኩስ ዓይኖቿን አየኋቸው። ተገልጠው ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀዳዳ በወረቀት መብሻ የተበሳ ይመስል ክብ፣ ጠርዙ ንጹሕ ነው። ጠጋ ብላ ጣቷን አስገባችበት። "እንዴት ያምራል" አለች፣ ለራሷ።

"ላንድ ሰው በቂ ነው?" ብላ መርልን ጠየቀችው።

"ካረፈበት በቂ ነው።"

"አርባ አምስት ቢሆን ግን—" አለ ኦቲስ።

"ኦቲስ፣ የሳተ አርባ አምስት ትርፉ ድምፁ ነው። ለድምፅማ ድስት እወረውር የለ።"

በረዶው ቀልጦ ሣሩ እስኪያድግ ድረስ ተለማመደች። እኔ እየነዳሁ እወስዳታለሁ፤ ቀስ በቀስ ፈተናውን ረስታ ለደስታዋ የምትተኩስ መሰለኝ። የበሳቻቸውን ወረቀቶች ማቀዝቀዣዋ ላይ ትለጥፋለች። የቁርጥማቱ ቀን ሲሆን እጇን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ትጠብቅና ትመጣለች። አንድ ቀን እንኳን አልቀረችም።

ትራቪስ ወደ ሜዳው የመጣው ደላላው ሊመጣ በተቀጠረበት ሰኞ ዋዜማ ነው። ነፋስ ነበር። መርል ሳህኑን ጉብታው ፊት ካለው እንጨት ላይ ሰቀለ። ኦቲስ ወንበር ይዞ መጥቷል። ትራቪስ እናቱን ጉንጯን ሳማት፣ ጥይቶቹን በራሱ እጅ አጎረሰና ሽጉጡን ሰጣት።

"እማዬ፣ ሳታቋርጪ ነው። ስድስቱንም።"

"አስታውሳለሁ።"

ተኮሰች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አትቸኩልም፣ አትዘገይምም። ከቆምኩበት ቀዳዳዎቹ ነጩ ሳህን መሐል ላይ እንደ ዝንብ ሲያርፉ ይታዩኛል። አራት። አምስት። ትራቪስ ትንፋሹን ይዟል።

ስድስተኛውን አልተኮሰችም። ጣቷን ከቃታው ላይ አነሳች፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አወረደች፣ ጥይት የሚጎርሰውን ከበሮ ከፍታ ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

"እማዬ፣ አንድ ቀርቶሻል" አለ ትራቪስ። "አቋረጥሽ እኮ።"

እሷ በአገጯ አመለከተች። ከጉብታው ጫፍ፣ ከሳህኑ በስተቀኝ፣ ጆሮው ላይ ቢጫ ምልክት የተንጠለጠለበት ጥቁር ጥጃ ቁልቁል እየወረደ ነበር። ሽቦውን ከየት ቀዶ እንደገባ እንጃ። ወንዶቹ ሁሉ ሳህኑን ነበር የሚያዩት። እኔ ደግሞ ወደ መጨረሻው እሷን ነበር የማየው። ከአምስት ጥይት ጩኸት ኋላ ከሳህኑ ውጭ ያለውን ዓለም ያየች እሷ ብቻ ነበረች።

"ልትተኩሺ ትችይ ነበር" አለ ኦቲስ። "ከሳህኑ ክንድ ያህል ይርቃል እኮ።"

"ክንድ ያህል" አለች ሎሬታ።

ትራቪስ ጥጃውን አየ፣ ሳህኑን አየ፣ እናቱን አየ። ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ጠረገበት።

"እኔ የፈራሁት ሌባውን ብቻ አልነበረም" አለ ቆይቶ። "አንድ ቀን ሳንደውል እኔ ወይ ጆሊን ብንገባስ፣ ደንግጠሽ ብትተኩሺስ ብዬ ነው። ልነግርሽ አልቻልኩም።"

"አውቃለሁ" አለች። "እኔም የምፈራው እሱን ነበር። ዓይኔን የማያስጨፍነኝን የፈለግኩት ለዚያ ነው።"

"ለደላላው እነግረዋለሁ።"

"ምን ብለህ?"

"የቤቱ ባለቤት አትሸጥም ብዬ።"

እሷ ራሷን ነቀነቀች። ትራቪስ ኮፍያውን እያወዛወዘ ወደ ጥጃው ሄደ። ጥጃው ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ሮጠ፣ ትራቪስም ተከተለው።

"በግራ በኩል ዙረው" ብላ ጮኸችበት ሎሬታ። "በግራ። አታሯሩጠው፣ አስከትለው። ጎሽ። አሁን ቀስ።"

ጥጃው በሽቦው ቀዳዳ ወጣ። ትራቪስ እያለከለከ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተመለሰ። ሎሬታ በዚህ መሐል የጆሮ መከላከያዋን መልሳ አድርጋለች፣ ጠፍጣፋዎቹን ጥይቶች አንድ በአንድ እያጎረሰች ነው።

"አዲስ ሳህን ስቀልልኝ" አለችው። "ዛሬ ነፋሱን ለመድኩት።"

ትራቪስ ከመርል እጅ ሳህን ተቀብሎ ወደ ጉብታው ተመልሶ ሄደ፤ እሷም ሽጉጡን አስቀምጣ፣ ባዶ እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ እስኪመለስ ጠበቀችው።